የእናታችሁን ስልክ ለቪዲዮ ጥሪ ማዘጋጀት፦ ደረጃ በደረጃ

«ለእማዬ ስማርት ስልክ ገዛንላት፤ ዋትሳፕም ጫንንላት፤ ስንደውል ግን አይጠራም። ምን እናድርግ?» ይህ ጥያቄ ከዋሽንግተንም ከሪያድም ከቴል አቪቭም ይመጣልኛል። ደሴና ጎንደር ያሉ ወንድምና እህቶችም ያንኑ ይጠይቁኛል። መልሱን በየጊዜው ቆርጬ ከምልክ አንድ ቦታ ሙሉውን ልጻፈው ብዬ ነው።

መመሪያው አገር ቤት ሆኖ ስልኩን በእጁ ይዞ ለሚያዘጋጅ ሰው ነው። ውጭ ያላችሁ ለዚያ ሰው ላኩለት፤ ደረጃ 1፣ 8 እና 11 ግን እናንተንም ይመለከታሉ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። አብዛኛው ችግር የሚፈጠረው በደዋዩ ስልክ ላይ አይደለም፤ በተቀባይዋ ስልክ ላይ ነው። ስለዚህ ዓላማችን እናታችሁን አፕ ማስተማር አይደለም። ስልኩ በደንብ ተዘጋጅቶ እሷ ማንሳት ብቻ እንዲቀራት ማድረግ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስማርት ስልክ። ውድ መሆን የለበትም። 4ጂ የሚሠራ፣ የፊት ካሜራ ያለው፣ ባትሪው ቶሎ የማይሞት ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ አይቴል ወይም ሳምሰንግ ይበቃል። ቢያንስ 2 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይኑረው።
- በራሷ ስም የወጣ፣ እየሠራ ያለ ሲም ካርድ።
- የዳታ ጥቅል ወይም የቤት ዋይፋይ።
- የጂሜይል አካውንት፤ ከፕሌይ ስቶር ለማውረድ ያስፈልጋል።
- ለሙከራ የሚሆን ሁለተኛ ስልክ።
- ስልኩን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ነገር። የስኳር ዕቃ ወይም ጣሳ ይበቃል።
- ወረቀትና እስክሪብቶ።
- መብራት ያለበት፣ የማትቻኮሉበት አንድ ሁለት ሰዓት።

ደረጃ 1፦ አፑን ከደዋዩ አገር ተነስታችሁ ምረጡ

ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ የለመደውን አፕ ይጭንና ከዚያ አይሠራም ይላል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የሚደውለው ሰው የት ነው ያለው?» የሚለው ነው።

ደዋዩ አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም እስራኤል ከሆነ ዋትሳፕ ያለ ችግር ይሠራል። ቴሌግራምም እንዲሁ፤ ብዙ ሰው ቴሌግራምን ለመልእክት ብቻ ያውቀዋል እንጂ የድምፅም የቪዲዮም ጥሪ አለው።

ደዋይዋ ዱባይ፣ አቡዳቢ ወይም ሌላ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከተማ ከሆነች ነገሩ ይለያል። እዚያ የዋትሳፕ መልእክት ይሄዳል፤ ጥሪው ግን ታግዷል። የአይፎኑ ፌስታይምም ታግዷል። እዚያ የተፈቀደውና ሰው የሚጠቀምበት ቦቲም ነው። ቦቲም የሚሠራው ሁለቱም ወገን ሲጭነው ነው፤ ስለዚህ አገር ቤት ባለችው እናት ስልክ ላይም መጫን አለበት። እገዳውን በቪፒኤን ለማለፍ የሚመክሩ ብዙ ናቸው። እኔ አልመክርም። በዚያ አገር ሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ለሥራ የሄደች ልጅ ደግሞ በጥሪ ምክንያት አደጋ ላይ መውደቅ የለባትም።

ስካይፕን ለለመዳችሁ፦ አገልግሎቱ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ተዘግቷል። የድሮው ምልክት ስልኩ ላይ ካለ አጥፉት፤ ቦታ ከመያዝ በቀር አይጠቅምም።

አንድ አፕ ብቻ ምረጡ። ሦስት አፕ ሲጫን እናትየው የትኛው እንደጮኸ ግራ ይገባታል፤ ሦስቱም ባትሪና ዳታ ይበላሉ። ልጆቿ የተለያየ አገር ካሉና አንድ አፕ ለሁሉም ካልሠራ ብቻ ሁለተኛ ጨምሩ። ከዚህ በኋላ ያለውን በዋትሳፕ ነው የማሳያችሁ። የምናሌ ስሞችን ስልኩ በእንግሊዝኛ ሲሆን እንደሚነበቡት ጽፌያቸዋለሁ።

ደረጃ 2፦ ሲሙንና ሰዓቱን አስተካክሉ

ሲሙ በእናታችሁ ስም የወጣ ይሁን። አካውንቱ የሚታወቀው በስልክ ቁጥሩ ነው። ሲሙ ቢጠፋ መልሶ ማውጣት የሚችለው በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። በጎረቤት ወይም አገር ጥሎ በሄደ ዘመድ ስም ከሆነ አካውንቱም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ቀጥሎ የስልኩን ሰዓት እዩ። ብዙ እናቶችና አባቶች ስልካቸው በእኛ አቆጣጠር እንዲነበብላቸው ሰዓቱን በእጅ ስድስት ሰዓት ያዘዋውሩታል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ስልኩም 3፡00 እንዲል ማለት ነው። ይህ ለሰው ይመቻል፤ ለአፑ ግን አይመችም። የኢንተርኔት ግንኙነት ደህንነት በትክክለኛ ቀንና ሰዓት ላይ ስለሚመሠረት ዋትሳፕ «የስልክህ ሰዓት ትክክል አይደለም» ብሎ አልከፍትም ሊል ይችላል። ወደ ሴቲንግስ ገብታችሁ «ዴት ኤንድ ታይም» የሚለውን ወደ አውቶማቲክ መልሱት። በእኛ ሰዓት ማየት ከፈለገች የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ አፕ ጫኑላትና ፊት ገጹ ላይ አድርጉላት።

ደረጃ 3፦ አፑን ከፕሌይ ስቶር ብቻ አውርዱ

ዳታ ለመቆጠብ ሲባል ከሌላ ስልክ በዜንደር መቀበል የተለመደ ነው። የሞባይል ቤት ልጆችም እንዲሁ ይጭናሉ። ችግሩ በዚህ መንገድ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ጂቢ ዋትሳፕ ወይም ሌላ የተነካካ ቅጂ መሆኑ ነው። ዋትሳፕ እነዚህን ቅጂዎች የሚጠቀም ቁጥር ሊያግድ ይችላል፤ ውስጣቸው ምን እንደተጨመረም አይታወቅም። የእናታችሁ ቁጥር ከታገደ ችግሩ ከጥቂት ሜጋባይት በላይ ነው።

ፕሌይ ስቶር የጂሜይል አካውንት ከጠየቀ ለእሷ አዲስ ክፈቱ። የይለፍ ቃሉን ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ሰው ሁሉ የሚረሳው ይህንን ነው፤ ስልኩ አንድ ቀን ሪሴት ሲደረግ ያለዚህ የይለፍ ቃል አይከፈትም።

ደረጃ 4፦ ቁጥሩን አስመዝግቡ

1. ዋትሳፕን ክፈቱ፤ ስምምነቱን ተቀበሉ።
2. አገሩን ኢትዮጵያ በሉት። ከፊት +251 ይመጣል።
3. ቁጥሩን ያለ መጀመሪያው ዜሮ ጻፉ። በ09 የሚጀምረው በ9፣ በ07 የሚጀምረው በ7 ይጀምራል። ዜሮውን ሰው እየጨመረ «ቁጥሩ ልክ አይደለም» ይባላል።
4. በአጭር መልእክት ባለ 6 አሃዝ ኮድ ይመጣል። አስገቡት።

ኮዱ ካልመጣ ታገሡ። ደጋግማችሁ «እንደገና ላክ» ስትሉ የመጠበቂያው ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል። ቆጠራው ሲያልቅ «ኮል ሚ» የሚለውን ምረጡ፤ ስልኩ ይደወልና ኮዱ በድምፅ ይነገራል። የመልእክት ሳጥኑ ሞልቶ እንደሆነም እዩ።

አንዳንድ ጊዜ ኮዱን አስገብታችሁም ሌላ ፒን ይጠየቃል። ይህ ቁጥሩ ቀድሞ በሌላ ሰው ወይም በቤተሰብ ተመዝግቦ ነበር ማለት ነው። ፒኑን የሚያውቅ ከሌለ 7 ቀን መጠበቅ ነው ያለው። አዲስ ሲም ያወጣችሁላት እናት ላይ ይህ ከመጣ አትደንግጡ፤ የድሮው ባለቤት ያስቀመጠው ነው።

ደረጃ 5፦ ፈቃዶቹን ሁሉ ስጡ

አፑ ካሜራ፣ ማይክሮፎን፣ የስልክ ማውጫና ኖቲፊኬሽን ይጠይቃል። አራቱንም ፍቀዱ። ማይክሮፎን ካልተፈቀደ እሷ ትሰማለች፤ እሷን ግን ማንም አይሰማትም። ካሜራ ካልተፈቀደ ጥቁር ስክሪን ይታያል። ኖቲፊኬሽን ካልተፈቀደ ስልኩ ጭራሽ አይጮህም። ቀድሞ «አልፈቅድም» ከተባለ፦ ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ዋትሳፕ፣ ፐርሚሽንስ ውስጥ ገብታችሁ ክፈቱ።

ደረጃ 6፦ ስልኩ አፑን እንዳያስተኛው አድርጉ

«አይጠራም» የሚለው ቅሬታ በአብዛኛው የሚፈታው እዚህ ነው። ረጋ ብላችሁ ሥሩት።

ርካሽ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከኋላ የሚሠሩ አፖችን ይዘጋሉ። ስልኩ ለአንድ ሰዓት ያህል ካልተነካ ዋትሳፕ ይተኛል። በዚህ ሰዓት ከዋሽንግተን ቢደወል ስልኩ ዝም ይላል። በኋላ እናትየው ስልኩን ስትከፍት «ያልተነሳ ጥሪ» ተደርድሮ ታገኛለች። ልጅ እዚያ ይጨነቃል፤ እናት እዚህ «አልደወለም» ትላለች።

የሚደረገው ይህ ነው፦

1. ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ዋትሳፕ፣ ባትሪ ውስጥ ግቡና «አንሪስትሪክትድ» የሚለውን ምረጡ። አንዳንድ ስልክ ላይ «ኦፕቲማይዝ አታድርግ» የሚል ትርጉም ያለው አማራጭ ነው።
2. እዚያው የሞባይል ዳታ ክፍል ውስጥ «ባክግራውንድ ዳታ» መከፈቱን እዩ።
3. ስልኩ ላይ ዳታ ሴቨር በርቶ ከሆነ ወይ አጥፉት ወይ ዋትሳፕን ነፃ አድርጉት።
4. ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ላይ ፎን ማስተር የሚባል አፕ ተጭኖ ይመጣል። ከመዝጊያ ዝርዝሩ ውስጥ ዋትሳፕን አውጡት። «ክሊን» ወይም «ቡስት» የሚለውን እየነካች አፖችን እንዳትዘጋም ንገሯት።
5. የባትሪ መቆጠቢያው ሁልጊዜ በርቶ ከሆነ አጥፉት። በአነስተኛ ባትሪ ብቻ ይብራ።
6. የስልኩ ድምፅ ከፍ ይበል፤ «ዱ ኖት ዲስተርብ» ይጥፋ። በዋትሳፕ ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ ውስጥም የጥሪ ድምፁን እዩ። ለስለስ ካለ ዜማ ይልቅ ከሌላ ክፍል የሚሰማ ምረጡ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ስልኩን ያለ ንክኪ ለሁለት ሰዓት ተዉት። ከዚያ ደውሉ። ከጮኸ ሠርቷል።

ደረጃ 7፦ ዳታው ሳታውቁት እንዳያልቅ ዝጉ

በመደበኛ ጥሪ የሚከፍለው ደዋዩ ነው። በኢንተርኔት ጥሪ ግን ሁለቱም ከየራሳቸው ዳታ ይከፍላሉ። ይህንን ውጭ ያሉ ልጆች ብዙ ጊዜ አያስቡትም። «እኔ ነኝ የደወልኩት» ይላሉ፤ የእናት ጥቅል ግን አብሮ እያለቀ ነው።

በግምት ለማወቅ ያህል፦ የአንድ ሰዓት የድምፅ ጥሪ ከ20 እስከ 40 ሜጋባይት ይበላል። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ እንደ ጥራቱ ከ300 ሜጋባይት እስከ 1 ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል። በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ቪዲዮና ሁለት ሦስት ጊዜ ድምፅ የሚያወሩ ከሆነ፣ ለወር ከ1 እስከ 2 ጊጋባይት ለጥሪ ብቻ አስቡ።

ከጥሪው ይልቅ ዳታውን የሚጨርሰው ግን ሌላ ነው። በየቤተሰቡ ግሩፕ የሚላክ ቪዲዮ በራሱ ይወርዳል፤ አፖች በራሳቸው ይታደሳሉ። እነዚህን ዝጉ፦

- ዋትሳፕ፣ ሴቲንግስ፣ «ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ» ውስጥ በሞባይል ዳታ ጊዜ በራሱ የሚወርደውን ፎቶ፣ ድምፅ፣ ቪዲዮና ፋይል ሁሉ ምልክቱን አንሱ።
- እዚያው «ዩዝ ለስ ዳታ ፎር ኮልስ» የሚለውን አብሩ። የቪዲዮው ጥራት ትንሽ ይቀንሳል፤ መቆራረጡም ይቀንሳል።
- ፕሌይ ስቶር አፖችን በዋይፋይ ብቻ እንዲያድስ አድርጉ።
- የዋትሳፕ ባክአፕ በዋይፋይ ብቻ ይሁን።

የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ ጥቅል በ*999# ይገዛል፤ ቀሪ ሂሳብ በ*804# ይታያል። የሚቻል ከሆነ ወርሃዊ ጥቅል ግዙላት። የዕለት ጥቅል ዛሬ ኖሮ ነገ ያልቃል፤ ልጅ የሚደውለው ደግሞ ባለቀበት ቀን ሊሆን ይችላል።

ዳታ ለመቆጠብ ብላ ዳታውን የምታጠፋ እናት ካለች አትቆጧት፤ ለብሯ ብታስብ እውነቷን ነው። ከላይ ያሉትን ከዘጋችሁ በኋላ ዳታው ቀኑን ሙሉ ቢበራ የሚበላው ጥቂት እንደሆነ አሳዩአት። ካልተዋጠላት ሌላ መፍትሔ አለ፦ ልጅ በመደበኛ ስልክ ሚስኮል ያደርጋል፤ እሷ ዳታውን ታበራለች። ይህም ይሠራል።

ደረጃ 8፦ የልጆቹን ቁጥር ከነአገር ኮዱ፣ ከነፎቶው መዝግቡ

ቁጥሮቹን ሁሉ በ+ ጀምራችሁ ጻፉ። አሜሪካ +1፣ ሳዑዲ +966፣ ኤምሬቶች +971፣ እስራኤል +972፣ ጀርመን +49 ነው። ያለ አገር ኮድ ከተመዘገበ ዋትሳፕ ቁጥሩን ከሰውየው ጋር ማገናኘት አይችልም፤ ሲደወል ስም ሳይሆን ባዶ ቁጥር ይወጣል። እናት ደግሞ የማታውቀውን ቁጥር አታነሳም፤ ባታነሳም ልክ ናት።

ውጭ ያላችሁ ልጆች ደግሞ ፊታችሁ ጎላ ብሎ የሚታይበት የመገለጫ ፎቶ አድርጉ። የአበባ፣ የመኪና ወይም የጥቅስ ምስል ይቅር። ማንበብ የማትችል እናት ማን እንደደወለ የምታውቀው በፎቶው ነው።

አሁን እናትየውም መደወል እንድትችል አቋራጭ ሥሩላት። የልጁን ቻት ክፈቱ፤ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኩ፤ «ሞር»፣ ከዚያ «አድ ሾርትከት» በሉ። የልጁ ፎቶ ስልኩ ፊት ገጽ ላይ ይቀመጣል። ፎቶውን ስትነካ ቻቱ ይከፈታል፤ ከላይ ያለውን የስልክ ወይም የካሜራ ምልክት ስትነካ ይደወላል። ሌሎቹን ምልክቶች ወደ ሌላ ገጽ አዛውሩ። ፊት ገጹ ላይ የልጆቿ ፎቶ ብቻ ሲቀር የትም አትጠፋም። ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ እናቶችን በጣም የሚያስደስታቸው ይህ ነው፤ አትዝለሉት።

ደረጃ 9፦ ማንሳትን ሁለቱንም መንገድ አለማምዱ

ስልኩ ተቆልፎ ሲደወልና ተከፍቶ ሳለ ሲደወል የሚታየው ይለያያል። ተቆልፎ ሲሆን ስክሪኑ በሙሉ ይበራል፤ አረንጓዴውን ወደ ላይ መጎተት ነው። ተከፍቶ ሲሆን ከላይ ትንሽ ሳጥን ይወጣል፤ እዚያ ላይ አረንጓዴውን መንካት ነው። አንዱን ብቻ ካሳያችኋት ሌላው ሲመጣ ትቸገራለች።

በእሷ እጅ ይሁን። እናንተ ነክታችሁ አታሳዩ፤ ተናገሩ፣ እሷ ትንካ። «እማዬ፣ አረንጓዴውን ጫን ብለሽ ወደ ላይ ጎትቺው» በሏት። ጣቷ በሥራ የደረቀ ከሆነ ስክሪኑ ላይታዘዛት ይችላል፤ እርጥብ ጨርቅ ነካ አድርጋ ጣቷን ትጥረግና ትሞክር።

ሦስት ነገር ደግሞ ጨምሩ፦

- በቪዲዮ ሲሆን ስልኩ ጆሮ ላይ አይደረግም። ይህ ከሁሉም የተለመደው ስህተት ነው። ልጅ ጆሮ ብቻ እያየ ያወራል። ስልኩን በስኳር ዕቃው አስደግፋችሁ፣ በእጅ ርዝመት ልክ ጠረጴዛ ላይ አቁሙላት።
- ብርሃን ከፊቷ ይምጣ። ጀርባዋን ለመስኮት ሰጥታ ከተቀመጠች ፊቷ ጥቁር ሆኖ ይታያል።
- በድምፅ ጥሪ ግን ስልኩ ጆሮ ላይ ይሁን ወይም ስፒከሩ ይብራ። የስፒከሩን ምልክት አሳዩአት።

ደረጃ 10፦ ሙከራ አድርጉ

በሁለተኛው ስልክ ከሌላ ክፍል ሆናችሁ ደውሉ። አንድ ክፍል ውስጥ አትሁኑ፤ የአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየገባ ይጮኻል። መጀመሪያ በድምፅ፣ ቀጥሎ በቪዲዮ። ስልኩ ተቆልፎም ተከፍቶም ይሞከር። ቤቱ ዋይፋይ ካለው ዋይፋዩን አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታም ሞክሩ፤ መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋልና።

በቤቱ ውስጥ ኔትወርክ የሚሻልበትን ቦታም በዚሁ ጊዜ ፈልጉ። ወፍራም ግድግዳ ያለው ጓዳ ውስጥ ሲግናል ይደክማል። ከላይ 4ጂ የሚል ምልክት ያለበት ቦታ ላይ ወንበር አድርጉላት። የሚታየው «ኢ» (E፣ ዘገምተኛው ኔትወርክ) ከሆነ ቪዲዮ አይታሰብም።

ደረጃ 11፦ ቋሚ ሰዓት ቅጠሩ

ለእናት «ማታ እደውላለሁ» አይበቃም። ቀንና ሰዓት ይቆረጥ፤ ያን ጊዜ ስልኩ ቻርጅ ተደርጎ አጠገቧ ይሆናል።

ኢትዮጵያ ሰዓቷን በወቅት አትቀያይርም፤ አሜሪካ፣ አውሮፓና እስራኤል ግን ይቀያይራሉ። አገር ቤት ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን የሌላው አገር ሰዓት በእኛ አነጋገር እንዲህ ነው፦

- ዋሽንግተን፦ በበጋቸው ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከቀኑ 6 ሰዓት።
- ሎስ አንጀለስ፦ በበጋቸው ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከጠዋቱ 3 ሰዓት።
- ጀርመንና ስዊድን፦ በበጋቸው ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በክረምታቸው 12 ሰዓት።
- እስራኤል፦ በበጋቸው እኩል፣ በክረምታቸው ከምሽቱ 1 ሰዓት።
- ሳዑዲ፣ ኩዌትና ኳታር፦ ዓመቱን ሙሉ እኩል።
- ዱባይ፦ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 3 ሰዓት።

ለውጡ በፈረንጆቹ መጋቢትና በመከር ወቅታቸው ነው። በዚያ ሳምንት ልጅ «ሰዓቱ ተቀይሯል» ብሎ ቀድሞ ይንገር፤ አለበለዚያ እናት አንድ ሰዓት ሙሉ ስልክ እያየች ትቀመጣለች።

ውጭ ያላችሁ ቁጥር ስትቀይሩም እንዲሁ። ዓረብ አገር ሲም ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ዋትሳፕ ውስጥ ሴቲንግስ፣ አካውንት፣ «ቼንጅ ነምበር» በሉ። አዲስ አካውንት ከከፈታችሁ እናት ጋ እንደማይታወቅ ሰው ነው የምትመጡት።

ደረጃ 12፦ አካውንቱን ቆልፉ

ይህ ደረጃ ካልተሠራ ሥራው አላለቀም። ወላጆች ላይ የሚደርሰው ማጭበርበር አብዛኛው በዚሁ ስልክ በኩል ነው።

1. ሴቲንግስ፣ አካውንት፣ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» አብሩ። ባለ 6 አሃዝ ፒን አውጡ፤ ወረቀቱ ላይ ጻፉና ከመታወቂያዋ ጋር አስቀምጡ። የኢሜይል አድራሻ ጨምሩ፤ ፒኑ ቢረሳ በእሱ ይመለሳል።
2. ፕራይቬሲ፣ ግሩፕስ ውስጥ የምታውቃቸው ሰዎች ብቻ ግሩፕ እንዲያስገቧት አድርጉ።
3. ፕራይቬሲ፣ ኮልስ ውስጥ የማይታወቅ ቁጥር ሲደውል ስልኩ እንዳይጮህ ማድረግ ይቻላል። ልጆቿ ሁሉ በትክክል ከተመዘገቡ ብቻ አብሩት።
4. «ሊንክድ ዲቫይስስ» ክፈቱ። የማታውቁት ኮምፒውተር ወይም ስልክ ካለ አስወጡት።

ከዚያ ተቀምጣችሁ እነዚህን ንገሯት፦

- ማስጠንቀቂያ፦ በመልእክት የመጣ ኮድ ለማንም አይነገርም። የሚጠይቀው የቤተሰብ አባል ቢመስልም። የዘመድ አካውንት ተሰርቆ «በስህተት ኮድ ልኬልሽ ነበር፣ መልሰሽ ላኪልኝ» የሚል መልእክት በእሱ ስም ሊመጣ ይችላል። ኮዱን ከሰጠች አካውንቷ ይሄዳል፤ ከዚያ በእሷ ስም ከቤተሰቡ ብር ይጠየቃል።
- ማስጠንቀቂያ፦ የቴሌብርም የባንክም ፒን በስልክ አይነገርም።
- ማስጠንቀቂያ፦ በቪዲዮ ጥሪ መሃል «ስክሪንሽን አሳዪኝ» የሚል የማታውቀው ሰው ከመጣ ትዝጋው። ስክሪን ሼር ሲበራ የሚመጣው ኮድ ሁሉ ለዚያ ሰው ይታያል።
- ልጇ ነኝ ብሎ በጽሑፍ አስቸኳይ ብር የሚጠይቅ ካለ ከመላኳ በፊት በቪዲዮ ትደውል። ፊቱን ካላየች አትላክ።

ካልሠራ እዚህ ፈልጉ

*ደዋዩ «ኮሊንግ» ብቻ እያየ ከቆየ፦* ጥሪው እናትየው ስልክ ላይ አልደረሰም። ዳታ ጠፍቷል፣ ጥቅል አልቋል ወይም አፑ ተኝቷል። በመደበኛ ስልክ ደውላችሁ ዳታዋን እንድታይ ንገሯት፤ ዳታው በርቶ ጥቅልም ካለ ደረጃ 6ን ድገሙ። *«ሪንጊንግ» ካለ* ግን ስልኩ እየጮኸ ነው፤ ወይ አልሰማችም ወይ ድምፁ ጠፍቷል። ይህን ልዩነት ማወቅ ብቻውን ብዙ ጭንቀት ይቀንሳል።

*ድምፅ እየተቆራረጠ ከሆነ፦* ቪዲዮውን አጥፍታችሁ በድምፅ ቀጥሉ፤ ጥሪውን መዝጋት አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ዩቲዩብ እያየ ከሆነ ያቁም። ካልተሻለው ዘግታችሁ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ መልሱት፤ ከኔትወርኩ ጋር እንደ አዲስ ይገናኛል።

*እሷ ትሰማለች፣ እሷን ግን ማንም አይሰማትም፦* የማይክሮፎን ፈቃድ፤ ወይም በጥሪው መሃል ሚዩት ተነክቷል። የስልኩ ሽፋን የማይክ ቀዳዳውን ሸፍኖት እንደሆነም እዩ።

*ራስን መስማት፣ ማስተጋባት፦* የአንዱ ስፒከር ድምፁ በጣም ከፍ ብሏል። ቀንሱት ወይም ኢርፎን ተጠቀሙ።

*በመሃል መደበኛ ጥሪ ሲገባ የቪዲዮው ጥሪ ከቆመ፦* መደበኛውን ጨርሳችሁ ተመለሱ። በቀጠሮ ሰዓት ሌላው ቤተሰብ በመደበኛ ስልክ እንዳይደውል ንገሩ።

*የበዓል የቡድን ጥሪ፦* ዋትሳፕ እስከ 32 ሰው ይቀበላል፤ ደካማ ኔትወርክ ላይ ግን ከአራት በላይ አትሁኑ። ኔትወርኩ የሚሻለው ውጭ ያለው ልጅ ይጀምር፤ መጀመሪያ እናትን ያስገባ፤ እሷ በደንብ መስማቷ ከተረጋገጠ በኋላ ሌሎቹን ይጨምር። የማያወራው ሰው ማይኩን ይዝጋ።

*ብዙ ወር ሳይከፈት ከቆየ፦* ዋትሳፕ ከ120 ቀን በላይ ያልተጠቀሙበትን አካውንት ሊሰርዝ ይችላል። ከደረጃ 4 እንደ አዲስ መጀመር ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። የኢንተርኔት ጥሪ ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሮች አይሄድም። ፖሊስ 991ን እና የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907ን በመደበኛው የስልክ ምልክት ነው የሚደወልላቸው። ሁለቱን ከጎረቤት ቁጥር ጋር በዚያው ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉላት፤ ፒንና የይለፍ ቃል ያለበትን ክፍል ግን ቆርጣችሁ ለብቻው አስቀምጡ።